«ለማ አ.» ማን ናቸው? የሕክምና ተመራማሪ የሕትመት መዝገቡን የሚያደራጅበትና የሚያነብበት መመሪያ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ለማጥናት አድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ያለ ቀንድ አውጣ ሊራባ አይችልም። ከዚያች ትዝብት የተነሣው ምርምር በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ታዲያ የእኚህን ሰው የቆዩ ጽሑፎች ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ የሚፈልግ ሰው «አክሊሉ» ብሎ ቢጽፍ ብዙም አይሳካለትም። እዚያ «ለማ አ.» ናቸው። አበበ ለማም፣ አልማዝ ለማም፣ አስናቀ ለማም እዚያው «ለማ አ.» ናቸው።

የማዕረግ ዕድገት ወይም የምርምር ድጋፍ ማመልከቻ ከሚያዘጋጁ ሐኪሞችና የጤና ተመራማሪዎች አጠገብ ተቀምጬ ብዙ ከሰዓት በኋላ አሳልፌአለሁ። አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው፦ «ኤች-ኢንዴክሴ ስንት ደረሰ?» ይላሉ፤ ጽሑፎቻቸው በሌሎች ምን ያህል እንደ ተጠቀሱ የሚለካውን ቁጥር ማለታቸው ነው። ስሙ ሳይስተካከል ዝርዝሩ አይሞላም፤ ዝርዝሩ ሳይሞላ የተቆጠረ ቁጥር ደግሞ የእርስዎ አይደለም፤ ወይ ያንስዎታል፣ ወይ የሌላ ሰው ሥራ ተጨምሮበታል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ቁጥር የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ይታገሡኝ።

መጀመሪያ ስም

የውጭዎቹ የመረጃ ቋቶች የተሠሩት የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም ነው በሚል እምነት ነው። የእኛ የመጨረሻ ቃል የአባት፣ ሦስት ከተጻፈም የአያት ስም ነው። አዲስ አበባ ሳለ በአባቱ ስም ያሳተመ ሐኪም ለትምህርት አሜሪካ ሲሄድ፣ በፓስፖርቱ ላይ ያለው የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገብለታል። ከዚያ ወዲያ በሚያሳትመው ላይ የሚወጣው አያቱ ናቸው። ለማሽኑ ይህ ሁለት ሰው ነው።

በዚያ ላይ የላቲን ፊደል አጻጻፉ አለ። «ፀሐይ»ን አንዱ በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ»፤ መጨረሻው ላይም «ዋይ» የሚያደርግ አለ፣ «አይ» የሚያደርግ አለ። «ገብረ መድኅን» ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፦ ተለያይቶ፣ ተጣብቆ፣ በሰረዝ ተያይዞ፣ አንዳንዴም እንደ ቀበሌ መታወቂያ «ገ/መድኅን» ተብሎ ይላካል። ማሽኑ እዝባሩ ላይ ሲደርስ ይቆርጠዋል፤ «መድኅን» የሚባል ሰው ይወለዳል።

መፍትሔው አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው። እስካሁን በብዛት የታተሙበት አጻጻፍ ካለ እርሱን ይያዙ፤ ገና ጀማሪ ከሆኑ ከፓስፖርትዎ ጋር የሚመሳሰለውን ይውሰዱ። የእርስዎም የአባትዎም ስም በብዛት ያለ ከሆነ የአያትዎን ስም የመጀመሪያ ፊደል መሐል ላይ ያስገቡ፤ አንዲት ፊደል ብዙ ሰው ትለያለች። ጥምር ስም ካለዎ አጣብቀው ይጻፉት። ከዚያ የመረጡትን አጻጻፍ አብረውዎ ለሚጽፉት ሁሉ በኢሜይል ይላኩ። ብዙውን ጊዜ ስማችንን የሚያበላሸው ጽሑፉን ወደ ጆርናሉ የሚያስገባው ባልደረባችን ነውና።

ቀጥሎ የኦርኪድ መለያ ያውጡ። ከ2012 ጀምሮ የሚሰጥ፣ ተመራማሪን ከሞክሼዎቹ የሚለይ ባለ16 አኃዝ ቁጥር ነው፤ ክፍያ የለውም፣ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። የመጨረሻው አኃዝ «ኤክስ» ፊደል ሆኖ ቢመጣ ስሕተት አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ከተቋምዎ ኢሜይል ሌላ የግልዎን ኢሜይልም ያስመዝግቡ፤ ሥራ ሲለቁ የተቋሙ ኢሜይል ይዘጋል፣ እርስዎም ከገዛ ገጽዎ ውጭ ይቀራሉ። «ሌሎች ስሞች» በሚለው ቦታ ደግሞ እስከ ዛሬ የታተሙባቸውን አጻጻፎች በሙሉ፣ የተበላሹትንም ጭምር ያስፍሩ። ረስተው ሁለት መለያ አውጥተው ከሆነ ድርጅቱ አንዱን ወደ ሌላው ያጠቃልልልዎታል።

ከዚያ ዝርዝር፣ በእጅ

ኤክሴል ይክፈቱና የሠሩትን ሁሉ ራስዎ ይጻፉ። ማሽኑ የሚሰጥዎትን ዝርዝር ገልብጦ መጀመር ይቀላል፤ ግን ማሽኑ የጎደለውን አያውቅም፣ እርስዎ ያውቃሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ ዓመቱን፣ ሙሉ ርዕሱን፣ ጆርናሉን፣ የደራሲያኑን ስም በቅደም ተከተል፣ ዲ.ኦ.አይ. የሚባለውን ቋሚ መለያ፣ የጽሑፉን ዓይነትና እርስዎ የሠሩትን ሥራ ያስፍሩ። ዓይነት ሲሉ የራስዎ ምርምር፣ ስልታዊ ዳሰሳ፣ የአንድ ታካሚ ሪፖርት፣ ደብዳቤ፣ የመጽሐፍ ምዕራፍ፣ የሕክምና መመሪያ እያሉ ይለዩ። የጉባኤ አጭር መግለጫ ከሙሉ ጽሑፍ ጋር አይደባለቅ። ከ2019 ጀምሮ ባለው በሜድአርካይቭ ወይም በመሰሎቹ ላይ ያለ ግምገማ ቀድሞ የተለቀቀ ጽሑፍ ኋላ በጆርናል ከታተመ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በአንድ መስመር ይግቡ።

«እኔ የሠራሁት» የሚለው ዓምድ ሰው ሁሉ የሚዘለው ነው። አይዝለሉት። በሕክምና ጽሑፍ የመጀመሪያው ስም ሥራውን ከፊት ሆኖ የሠራው፣ የመጨረሻው ስም በአብዛኛው የመራው ነው፤ መሐል ያሉት ስለ ድርሻቸው ቦታቸው ብዙ አይናገርላቸውም። በ1978 ቫንኩቨር ላይ ተሰብስበው የጀመሩት የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ለደራሲነት አራት መስፈርት አስቀምጠዋል፦ በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃ አሰባሰብ ወይም በትንተና ጉልህ ድርሻ መኖር፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። እንደ በዓል ዳቦ ለአክብሮት ሲባል ስማቸው የሚገባላቸው አለቆች መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። የሌላውን ማስተካከል ባይችሉ በራስዎ ዓምድ ውስጥ ግን እውነቱን ይጻፉ። ምን እንደ ሠሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ፣ ገምጋሚው ፊት ያንን ጽሑፍ ባያነሡት ይሻላል።

ዝርዝሩን ከፐብሜድ ጋር ማመሳከር

ፐብሜድ በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሥር ከ1996 ጀምሮ የሚሠራ ነጻ ማውጫ ነው። ስምዎን በሁሉም አጻጻፍ፣ አንድ ጊዜ ከተቋምዎ ስም ጋር አንድ ጊዜ ያለ እርሱ፣ ከዚያም በኦርኪድ ቁጥርዎ ይፈልጉ። የደራሲያንን ሙሉ ስም መያዝ የጀመረው ከ2002 ወዲህ ስለሆነ፣ የቀድሞዎቹን ጽሑፎች በአባት ስምና በመጀመሪያ ፊደል ብቻ መፈለግ ያስፈልጋል። የተገኘውን ከእጅ ዝርዝርዎ ጋር ያመሳክሩ፣ የእያንዳንዱን የፐብሜድ ቁጥርም ይያዙ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

እዚያ አለመገኘት ሥራውን ዋጋ አያሳጣውም። በአገር ውስጥ ጆርናሎች የወጡትን በአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ይፈልጓቸው። ፐብሜድ ላይ መገኘትም የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ ፐብሜድ ጥብቅ ምርጫ ከሚደረግበት ከሜድላይን ውጭ የሆኑ ጽሑፎችንም ይይዛል።

ለጋሱ ቆጣሪና ቆጣቢዎቹ

ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ ከሚቆጥሩት መካከል የጉግል የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ጉግል ስኮላር፣ ለጋስ ነው። የማስተርስ መመረቂያውንም፣ ቅድመ ሕትመቱንም፣ በተቋም ድረ ገጽ ላይ የተጫነውንም ሁሉ ይቆጥራል። ገጽ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያደርጉት «አዲስ ጽሑፍ በራስህ ጨምር» የሚለውን አጥፍቶ «አስቀድመህ ጠይቀኝ» የሚለውን ማብራት ይሁን። ይህ ሳይደረግ የከረመ የአንድ የማሕፀን ሐኪም ገጽ አይቻለሁ፤ ስለ ጤፍ ዝርያዎች፣ ስለ ኮንክሪት ጥንካሬና ስለ ወተት ላሞች የተጻፉ ጽሑፎች ተደርድረውበት ነበር። ባለቤቱ አልሰረቀም፤ ሞክሼዎቹ ናቸው የገቡት። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ገምጋሚ ግን ልዩነቱ አይታየውም። የእርስዎ ያልሆነውን ያስወግዱ፤ ሁለት ቦታ የተከፈለውን አንድ ጽሑፍ ያዋሕዱ።

የስኮላር ለጋስነት እስከምን እንደሚደርስ የሚያሳይ ነገር ልንገርዎ። በ2010 የግሬኖብሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ሲሪል ላቤ በኮምፒውተር የተፈበረኩና እርስ በርስ የሚጠቃቀሱ መቶ ያህል ትርጉም የለሽ ጽሑፎችን ጭኖ፣ «አይክ አንትካሬ» የተባለ በዓለም ላይ የሌለ ሊቅ ፈጠረ። የሊቁ ኤች-ኢንዴክስ 94 ደረሰ።

ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የተባሉት የጥቅስ መረጃ ቋቶች ቆጣቢዎች ናቸው፤ የመረጧቸውን ጆርናሎች ብቻ ስለሚቆጥሩ ቁጥርዎ እዚያ ዝቅ ይላል። አይደንግጡ። ሁለቱም በክፍያ የሚሠሩ ቢሆኑም የደራሲ ገጽዎን በነጻ ማየትና እርማት መጠየቅ ይቻላል። እርስዎ ሳይጠይቁ በማሽን መለያ ስለሚሰጡ ያ ሁለት ሰው የመሆን ጣጣ በብዛት የሚታየው እዚህ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ራስዎን ካገኙ እንዲያዋሕዱልዎ ይጠይቁ።

አሁን ቁጥሩ

ኤች-ኢንዴክስን በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የፊዚክስ ሊቅ እንጂ ሐኪም አይደለም። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፦ ጽሑፎችዎን ብዙ ከተጠቀሰው ወደ ጥቂቱ ይደርድሩ፤ ተራ ቁጥሩ ከተጠቀሰበት ብዛት ሳይበልጥ የቆየበት የመጨረሻው መስመር የእርስዎ ኤች ነው።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ሐኪም 9 ጽሑፎች አሏት እንበል። የተጠቀሱበት ብዛት 2,140፣ 31፣ 14፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3፣ 1 እና 0 ነው። አምስተኛው ጽሑፍ 6 ጊዜ ተጠቅሷል፣ ያልፋል። ስድስተኛው 5 ጊዜ ብቻ ነው፣ አያልፍም። ኤች-ኢንዴክሷ 5 ነው። ጉግል በ2011 የጨመረው አይ10 ደግሞ አሥርና ከዚያ በላይ የተጠቀሱትን ብቻ ስለሚቆጥር 3 ይሆናል። ድምሩ 2,209።

ያ 2,140 ከየት መጣ? የአገራችን የጤና ተመራማሪ ሁሉ ያውቀዋል፦ መቀመጫው ሲያትል በሆነው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተቋም የሚመራው የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚበልጡ ደራሲያን አሉት፤ ከኢትዮጵያ የሚሳተፉትም ብዙ ናቸው። ሥራው ትልቅ ነው፣ መሳተፉም ነውር የለበትም። ነገር ግን ይህን አንዱን ጽሑፍ ከሐኪሟ ዝርዝር ብናወጣው ድምሩ ከ2,209 ወደ 69 ይወርዳል። ኤች-ኢንዴክሷስ? 31፣ 14፣ 9፣ 6፣ 5… ያው 5 ነው። እዚህ ላይ ኤች ሐቀኛ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንድ ሳይሆን ሃያ ያለው ሰው ግን ከእነርሱ ብቻ ኤች 20 ይኖረዋል፤ ያን ጊዜ ኤችም አያድነንም።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ፦ አንዴ ሁሉንም ይዘው፣ አንዴ እንዲህ ያሉ የብዙኃን ጽሑፎችን አውጥተው። ሁለቱንም ያሳዩ። ገምጋሚ ራሱ ሲያገኘውና እርስዎ ሲነግሩት አንድ አይደለም። ራስዎን የጠቀሱበትም እንዲሁ፤ በአንድ መስክ ላይ የሚሠራ ሰው የቀድሞ ሥራውን መጥቀሱ አይቀርም፤ ስኮፐስ እርሱን ቀንሶ ያሳይዎታል።

ቁጥሩ ምን ይላል፣ ምን አይልም

በእግር እብጠት፣ በተለይ በቀይ አፈር አገር በባዶ እግር ከመሄድ በሚመጣው ዝሆኔ ላይ የሚሠራ ተመራማሪና በጡት ካንሰር ላይ የሚሠራ ተመራማሪ በጥቅስ ብዛት ሊወዳደሩ አይችሉም። የመጀመሪያውን ሊጠቅሱ የሚችሉት ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸውና። ለዚህ የሚረዳ ነጻ መሣሪያ አለ፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት «አይሳይት»። ቀደም ሲል የያዟቸውን የፐብሜድ ቁጥሮች ያስገቡለት፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ በመስኩና በዓመቱ ካሉት አንጻር የት እንዳለ ያሳያል። መለኪያው 1.0 ሲሆን፣ ይህም በዚያ ተቋም ገንዘብ የተሠሩት ጽሑፎች መካከለኛ ውጤት ነው። የዝሆኔ ጽሑፍዎ 12 ጊዜ ብቻ ተጠቅሶ 1.0 ካለፈ፣ ማመልከቻው ላይ መጻፍ ያለበት ይህ ነው። መሣሪያው ጽሑፍዎን የጠቀሱት የክሊኒክ ጥናቶች መሆን አለመሆናቸውንም ይናገራል፤ ለሐኪም ይህ ከድምሩ ይበልጣል።

በብዛት መጠቀስ ትክክል መሆን አይደለም። በ1998 ላንሴት ላይ ወጥቶ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል፤ እጅግ ብዙ ጊዜም ተጠቅሷል፣ አብዛኛው ሊያወግዘው ወይም ሊያስተባብለው። ከዝርዝርዎ ውስጥ የተሰረዘ ወይም የታረመ ጽሑፍ ካለ ምልክት ያድርጉበት፤ ፐብሜድም ያሳያል፣ ከ2023 ጀምሮም የዲ.ኦ.አይ. ቁጥሮችን በሚመዘግበው ድርጅት በክሮስሬፍ በኩል በነጻ የሚገኝ የተሰረዙ ጽሑፎች መዝገብ አለ።

ማሽን የማይቆጥረውን ደግሞ በእጅዎ ይሰብስቡ። ጥናትዎ በጤና ሚኒስቴር ወይም በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዋቢ ሆኖ ከሆነ ገጹን ይያዙ። የሆስፒታልዎን አሠራር ለውጦ ከሆነ ሰነዱን ያስቀምጡ።

የጆርናሉ ዝና የእርስዎ አይደለም

«ኢምፓክት ፋክተሩ 6 በሆነ ጆርናል አሳትሜአለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስለ ጽሑፉ ምንም አይነግርም። ኢምፓክት ፋክተር ዩጂን ጋርፊልድ ያመጣው የጆርናል መለኪያ ነው፦ ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት የተጠቀሱበት ብዛት ለጽሑፎቹ ቁጥር ሲካፈል። ጥቂት ዝነኛ ጽሑፎች አማካዩን ይሰቅሉታል፤ የቀሩት በጥላቸው ሥር ናቸው። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተረቅቆ «ዶራ» የሚባለው መግለጫም ተመራማሪን በጆርናሉ ቁጥር አትመዝኑ ነው የሚለው። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲዎ የሴኔት ሕግ ቁጥሩን ከጠየቀ ይጻፉት፤ ሕጉን ግን ከባልደረባ ሳይሰሙ ራስዎ ያንብቡት።

ዝርዝርዎ ውስጥ የአጭበርባሪ ጆርናል ሥራ ቢኖርስ? በሦስት ቀን «ተቀብለናል» ብሎ፣ ከዚያ ሂሳብ ልኮ፣ ማንም የማያውቀውን መለኪያ ድረ ገጹ ላይ የለጠፈ ጆርናል ብዙዎቻችንን አታሏል። ከ2003 ጀምሮ ያለውን የክፍት ጆርናሎች ማውጫና ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጣቸውን የአገር ውስጥ ጆርናሎች ዝርዝር ይመልከቱ። የተጠራጠሩትን አይደብቁ፣ አይቁጠሩትም፤ ለብቻው ከታች ያስቀምጡት።

ማመልከቻው ላይ የሚገባው አንቀጽ

ገምጋሚ የሚያነበው ሠንጠረዡን ሳይሆን ስድስት መስመር ነው። የዚያችን ሐኪም እንዲህ ብለን እንጻፍላት፦

«9 ጽሑፎች አሳትሜአለሁ፤ በ3ቱ የመጀመሪያ፣ በ1 የመጨረሻ ደራሲ ነኝ። ከዘጠኙ አንዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት ሲሆን የእኔ ድርሻ የአገራችንን መረጃ መገምገም ነበር። እርሱን ሳይጨምር ጽሑፎቼ 69 ጊዜ፣ እርሱን ጨምሮ 2,209 ጊዜ ተጠቅሰዋል፤ ኤች-ኢንዴክሴ በሁለቱም አቆጣጠር 5 ነው። ቁጥሩ ከጉግል ስኮላር የተወሰደው በማመልከቻው ቀን ነው። 31 ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፌ ከወሊድ በኋላ ስለሚከሰት የደም መፍሰስ ነው፤ ንድፉን ያወጣሁትም መረጃውን የተነተንሁትም እኔ ነኝ። ውጤቱ በሆስፒታላችን የማዋለጃ ክፍል አሠራር ውስጥ ገብቷል።»

ምንጭና ቀን የሌለው ቁጥር አይጻፍ፤ ቁጥሩ በየሳምንቱ ይለወጣልና። ከስኮላር ወስደው «ስኮፐስ» ብለው አይጻፉ፤ ይህ ስሕተት ከሚመስልዎ በላይ የተለመደ ነው። የእጅ ዝርዝሩን በየስድስት ወሩ፣ ገጾቹን ደግሞ ማመልከቻ ከማስገባትዎ ሁለት ሳምንት በፊት ይፈትሹ፤ እርማት ሲጠይቁ መልሱ በአንድ ቀን አይመጣም።

የሚቀጥለው ጽሑፍዎ የማረሚያ ቅጂ ከጆርናሉ ሲላክልዎ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት 48 ሰዓት ብቻ ነውና፣ ሠንጠረዦቹን ከማየትዎ በፊት የደራሲያኑን መስመር ያንብቡ። የአባትዎ ስም በቦታው መኖሩን፣ ፊደሎቹ አለመዘለላቸውን፣ የኦርኪድ ቁጥርዎ መግባቱን ያረጋግጡ። ከታተመ በኋላ ይህን ለማስተካከል ጆርናሉ የእርማት ማስታወቂያ ማውጣት ይኖርበታል፤ እስኪወጣ ድረስም ጽሑፉ የሌላ «አ.» ሆኖ ይቆያል።